ወደ ቡቬ ደሴት በጆሮ የሚደረግ ጉዞ

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ይዘንዎት የምንጓዝበት ሀገር ፓስፖርትም የአውሮፕላን ቲኬትም አይጠይቅዎትም። ስንቅም አያሻዎትም። የሚያስፈልግዎ አንድ ወንበር፥ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትዕግሥት ነው። የምንሄደው ቡቬ ወደምትባለው ደሴት ሲሆን መንገዱ በአየር ላይ ነው፤ ይኸውም በራዲዮ ሞገድ። ይህን ስንል ግን መንገዱ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ ከዓለም ማዕዘን ሁሉ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከእርስዎ ጋራ ይጋፋሉ። ማን አልፎ ማን እንደሚቀር የሚወስነው ጉልበት ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ጠባይም ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ሰው የማይኖርባት ደሴት

ካርታ ቢኖርዎ ይዘርጉት። ጣትዎን በደቡብ አፍሪካ የመጨረሻ ጫፍ ላይ ያኑሩና ወደ ደቡብ ምዕራብ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ላይ ይሂዱ። በዚያ ሰፊ ውሃ መካከል የምትታየው ነጥብ ቡቬ ናት። ወደ ደቡብ ቢቀጥሉ የሚያገኙት የአንታርክቲካ በረዶ ነው፤ እርሱም 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዓለም ላይ ከሌላ መሬት ሁሉ እጅግ የራቀች ደሴት ይህች ናት ይባልላታል። ከአዲስ አበባ እስከ እርስዋ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 7,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ስፋቷ 49 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ ከተማ አንድ አሥረኛ እንኳ አትሞላም። ከመሬቷም ከመቶው 93 እጁ ዓመቱን ሙሉ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነው። ጥንት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረች ስትሆን ከፍተኛው ጫፏ ከባሕር በላይ 780 ሜትር ይደርሳል። ዙሪያዋን ገደል ከቦታል፤ ወደብ የላትም፤ ዛፍም አይበቅልባትም። ነዋሪዎቿ ፔንግዊኖች፥ የባሕር ወፎችና ሲል የሚባሉት የባሕር አራዊት ናቸው።

መጀመሪያ ያያት ቡቬ ደ ሎዚዬ የተባለ ፈረንሳዊ መርከበኛ ነው። ቀኑም በ1739 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 ነበረ። ያ ቀን በአውሮፓ የግዝረት በዓል ስለ ነበረ፥ እኛ ጥር 6 ቀን የምናከብረው ማለት ነው፥ ያየውን መሬት የግዝረት ጫፍ ብሎ ሰየመው። ሰውዬው ያየው ደሴት ይሁን የትልቅ አህጉር ጫፍ ለይቶ አላወቀም፤ የመዘገበውም ስፍራ የተሳሳተ ነበረ። ስለዚህ ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ መርከበኛ ካፒቴን ኩክ በኋላ ዘመን ቢፈልጋት አላገኛትም። በ1927 ዓ.ም. የኖርዌይ ጉዞኞች ወርደው የሀገራቸውን ባንዲራ ተከሉባት፤ ከዚያም ወዲህ የኖርዌይ ግዛት ሆነች። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሕግ የተጠበቀች የተፈጥሮ ሥፍራ ስለ ሆነች ማንም እንደ ፈለገ ገብቶ እንደ ፈለገ የሚወጣባት አይደለችም።

ምን ፍለጋ ይሄዱባታል?

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ደሴት ማን ይፈልጋታል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የሚፈልጓት አማተር ራዲዮኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ለማግኘት ሳይሆን ለእውቀትና ለወዳጅነት ሲሉ፥ ከመንግሥታቸው ፈቃድ ተቀብለው፥ የራሳቸውን ራዲዮ አቁመው በዓለም ዙሪያ የሚነጋገሩ ናቸው። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የጥሪ ስም አለው። የጥሪውም ስም የመጀመሪያ ፊደላት ሀገሩን ያስታውቃሉ፤ የኢትዮጵያ በ«ኢቲ» ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በአምስት ኪሎው ግቢ፥ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ያቋቋመው የክበብ ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» እየተባለ በብዙ ሀገሮች ተሰምቷል።

አሜሪካኖቹ ያቋቋሙት የአማተሮች ማኅበር ለዚህ ሥራ የሚሆን የሀገሮችና የደሴቶች ዝርዝር አዘጋጅቷል። በዝርዝሩ ላይ 340 ስሞች አሉ። አንድ ራዲዮኛ ከእነዚህ ከ100ው ጋራ መነጋገሩን ካስመሰከረ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ቴምብር የሚሰበስብ ሰው አንዲት የጎደለች ቴምብር እንቅልፍ እንደምትነሣው ሁሉ፥ ራዲዮኛም የጎደለችውን ደሴት ሲያስብ ያድራል። ቡቬ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከብዙዎች መዝገብ ላይ ከጎደሉት ከዋነኞቹ አንዷ ሆና ቆይታለች። ሰው የማይኖርባት ስለ ሆነች አንድ ሰው ራዲዮውን ተሸክሞ ካልሄደ በቀር ከዚያ የሚጠራ ድምፅ የለም።

ሄደው የጠሩ አሉ። ሐኪምና የጠፈር ተጓዥ የነበረው አሜሪካዊው ቻርልስ ብሬዲ በ1996 ዓ.ም. ኮሎምቢያ በተባለችው መንኰራኵር ወደ ጠፈር ከወጣ በኋላ፥ በ2000 መጨረሻና በ2001 መጀመሪያ ከዚህችው ደሴት ብቻውን ሆኖ ተጣርቷል። ሰማይን ያየ ሰው ከበረዶ መካከል ተቀምጦ የማያውቃቸውን ሰዎች በስማቸው ሲጠራ ይታይዎት!

ሄደው የተመለሱም አሉ። በ2018 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ቡድን ሄሊኮፕተር ጭኖ ከቺሌ ተነሥቶ ደሴቲቱ ፊት ደረሰ። በዓይናቸው አዩአት። ሆኖም ደመናውና ነፋሱ ለበረራ አልመች አለ፤ በዚያ ላይ የመርከቡ ሞተር ተበላሸ። ካፒቴኑም የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ ብሎ ወደ ኬፕ ታውን አቀና። የዓመታት ዝግጅትና ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጉዞ አንዲት ጥሪ ሳይጠራ ቀረ።

በ2023 ዓ.ም. ሌሎች ራዲዮኞች በአንዲት ጀልባ ከፎክላንድ ደሴቶች ተነሡ። የጥሪ ስማቸው «3ዋይ0ጄ» ነበረ። ደሴቲቱ ዘንድ ደርሰው ከትንሽ የጎማ ጀልባ ወደ ጠረፉ ለመውጣት ከቅዝቃዜ የሚከላከል ልብስ ለብሰው በገመድ እየተሳቡ በማዕበሉ መካከል አለፉ። ካሰቡት ዕቃ ጥቂቱን ብቻ ነበር ሊያወጡ የቻሉት። ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ ለመነጋገር ዐቅደው የተነሡት ሰዎች የአየሩ ጠባይ ስለ ከለከላቸው ሃያ ሺህ ያልሞላ ንግግር አድርገው ጣቢያውን ለመዝጋት ተገደዱ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ። አንድ ሰው በሕይወቱ ተወራርዶ ወጥቶ፥ በነፋስ በሚናወጥ ድንኳን ውስጥ በቀዘቀዙ ጣቶች መጻፊያ ይዞ፥ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠራል። በዚህ ጊዜ እርስዎ እንዴት ይመልሱለታል?

የገበያው ጩኸት

እንበልና አሁን በአምስት ኪሎ በክበቡ ጣቢያ ፈቃድ ካለው ሰው አጠገብ ተቀምጠዋል። ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ አደረጉ። መጀመሪያ የሚሰሙት ንግግር አይደለም። የመርካቶ ቅዳሜ ገበያ፥ ወይም በታክሲ ተራ ላይ ረዳቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጣሩ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ነው። ጃፓኑ፥ ጣሊያኑ፥ ብራዚሉ፥ አሜሪካኑ ሁሉም በአንድነት የጥሪ ስሙን ይጮኻል። እርስዎም ገና እንደ ተቀመጡ አብረው መጮኽ ያምርዎታል። አያድርጉት!

አባቶቻችን ሁለት ምሳሌ ትተውልናል። አንዱ «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ሁለተኛው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በራዲዮ ላይ ሁለቱም እውነት ናቸው። ጥበቡ የትኛው በየትኛው ጊዜ እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

አንደኛ፤ የደሴቲቱን ድምፅ ራስዎ ሳይሰሙ አይጥሩ። ብዙ ሰው ወዳጁ «ቡቬ እዚህ ሞገድ ላይ ነው» ስላለው ብቻ የማይሰማውን ሰው ይጠራል። ደሴቲቱ ብትመልስለት እንኳ አይሰማም፤ የሌላውን ዕድል ግን ያበላሻል።

ሁለተኛ፤ የት እንደሚናገርና የት እንደሚያዳምጥ ይለዩ። በእንዲህ ያለ ግፊያ ጊዜ የደሴቲቱ ሰው በአንድ ሞገድ ይናገርና በሌላ ሞገድ ያዳምጣል። ለምሳሌ በ14,195 ኪሎ ሄርዝ ላይ ቢናገር ከ14,200 እስከ 14,210 ባለው መካከል ያዳምጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሺህ ሰው እርሱ በሚናገርበት ላይ ቢጮኽ ድምፁን ማንም አይሰማውም ነበር። ስለዚህ «ወደ ላይ አምስት» ወይም «ወደ ላይ አሥር» ሲል ቢሰሙ፥ ከእኔ በላይ በዚህን ያህል ኪሎ ሄርዝ ጥሩኝ ማለቱ ነው። መሣሪያዎን በትክክል ሳያዘጋጁ ቁልፉን አይጫኑ። በእርሱ ሞገድ ላይ አንድ ጊዜ ተሳስቶ መጥራት በዓለም ሁሉ የሚያዳምጡትን ሰዎች ጆሮ መድፈን ነው። መሣሪያዎንም ለመሞከር ሲፈልጉ ከዚያ ሞገድ ርቀው ወይም አንቴና ከሌለው መሞከሪያ ጋራ አገናኝተው ይሞክሩ።

ሦስተኛ፤ የሰውዬውን አካሄድ ይጠኑ። አሁን የመለሰለት ሰው በየትኛው ሞገድ ላይ ነበረ? ቀጥሎስ? አንዳንዱ ከታች ወደ ላይ እየተራመደ ያዳምጣል፤ አንዳንዱ ባንድ ቦታ ይቆያል። ይህን ለይተው ያወቁ እንደ ሆነ የሚቀጥለው ጆሮ የት እንደሚደርስ ይገምታሉ። አሥር ደቂቃ ያዳመጠ ሰው በትንሽ ጉልበትና በአንዲት የሽቦ አንቴና ብቻ፥ ባለ ትልቁን ማጉያ ሲቀድም የሚታየው በዚህ ነው።

አራተኛ፤ ሙሉ የጥሪ ስምዎን አንድ ጊዜ ብቻ ይናገሩ፤ «ኤኮ ታንጎ ሦስት አልፋ አልፋ»፤ ከዚያም ዝም ይበሉና ያዳምጡ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ መጥራት ጊዜ የሚቈጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን የደሴቲቱ ሰው ቀሪውን ለመጠየቅ ሌላ ጊዜ ማጥፋት አለበት። ሳያቋርጡ ደጋግመው የሚጮኹ ደግሞ ስማቸው ቢጠራ እንኳ አይሰሙም።

የእርስዎ ያልሆነ ጥሪ

አሁን ዋናው ፈተና መጣ። ከጩኸቱ መካከል የደሴቲቱ ሰው ሁለት ፊደል ለየና «ኤኮ አልፋ? ኤኮ አልፋ ብቻ!» አለ። ኤኮ አልፋ ስፔናዊ ነው። የእርስዎ ኤኮ ታንጎ ነው። የመጀመሪያው ፊደል አንድ መሆኑ ልብዎን ያዘልለዋል። «ምናልባት ተሳስቶ እኔን ቢሆንስ?» ይላሉ።

አይደለም። ዝም ይበሉ። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፈው ሳለ ጸሓፊው «አቶ አበበ» ብሎ ቢጠራ፥ «እኔም ስሜ በአ ይጀምራል» ብሎ የሚጋፋ ባለ ጉዳይ ቢመጣ ምን ይሉታል? ሰልፉ ይቆማል፤ ጸሓፊው ይናደዳል፤ የአቶ አበበም ጉዳይ ይዘገያል። በአየር ላይም እንዲሁ ነው። አንድ ንግግር አሥር ሴኮንድ ቢወስድ በአንድ ሰዓት 360 ሰው ይስተናገዳል። በሰው ጥሪ ላይ የሚጮኹ ሰዎች ንግግሩን ወደ ሠላሳ ሴኮንድ ቢያስረዝሙት የሚስተናገደው 120 ሰው ብቻ ይሆናል። የቀሩት 240ዎቹ በማን ተቀሙ? ከእነርሱም አንዱ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ደግሞም «አሁን አፍሪካን ብቻ» ወይም «አሁን እስያን ብቻ» ሲል ይሰማሉ። ይህን የሚያደርገው የሞገዱ መንገድ ስለሚለዋወጥ ነው። የራዲዮ ሞገድ ከምድር ተነሥቶ በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ በያዘው በላይኛው አየር ላይ እየነጠረ ይጓዛል። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ያ መንገድ ለአንዱ ሀገር ይከፈታል፥ ለሌላው ይዘጋል። ለጃፓን በቀን ውስጥ የምትገኘው ጊዜ አጭር ልትሆን ትችላለች። በዚያች ጊዜ ከሌላ ሀገር የሚጮኽ ሰው የጃፓኑን ብቸኛ በር ይዘጋበታል ማለት ነው። ተራዎ እስኪደርስ ድረስ ውሃዎን ይጠጡ፤ ያዳምጡ።

እንግዲህ ተራዎ ደረሰ እንበል። «ኤኮ ታንጎ ሦስት?» አለ። አሁን ሁለተኛው ምሳሌ ይሠራል፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል! ሳይዘገዩ ሙሉውን ይናገሩ። እርሱም «ኤኮ ታንጎ ሦስት አልፋ አልፋ፥ አምስት ዘጠኝ» ይልዎታል። አምስቱ ንግግርዎ በጥሩ ይገባል ማለት ሲሆን ዘጠኙ ድምፅዎ ብርቱ ነው ማለት ነው። እርስዎም «አምስት ዘጠኝ፥ አመሰግናለሁ» ብለው ይጨርሱ። ስለ አየሩ፥ ስለ አንቴናዎ፥ ስለ ከተማዎ የሚነገርበት ጊዜ አይደለም። የጥሪ ስምዎን አሳስቶ የጠራው እንደ ሆነ ግን ያርሙት፤ ያለዚያ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የሌላ ሰው ስም ይሆናል። ከደሴቲቱ ወደ እርስዎ ድምፁ የመጣው አንድ ሴኮንድ ከአርባ በተከፈለ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚህች ቅጽበት ጀርባ ግን የብዙ ቀን የባሕር ጉዞ አለ።

አንድ ጊዜ ስምዎ በመዝገብ ከገባ በዚያው ሞገድ ደግመው አይጥሩ። «ምናልባት ባይጻፍስ» ብሎ ሁለተኛ ጊዜ መጥራት፥ ዳቦውን ተቀብሎ እንደገና ከሰልፉ ጭራ መቆም ነው። ዛሬ የጉዞ ቡድኖች መዝገባቸውን በኢንተርኔት ስለሚያወጡ ስምዎ መግባቱን ያረጋግጣሉ። ቆይቶም የማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ ይደርስዎታል።

ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ግዴታ

ጨዋነት ከጠሪው ብቻ አይጠበቅም። በደሴቲቱ ላይ የተቀመጠውም ግዴታ አለበት። ማንነቱንና የሚያዳምጥበትን ስፍራ ቶሎ ቶሎ መናገር አለበት፤ አለዚያ አዲስ የመጣው ሰው «ማን ነው?» እያለ በላዩ ይጮኻል። የንግግሩም አካሄድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሲጨርስ ዘወትር በአንድ ቃል ቢጨርስ ሰው ሁሉ መቼ እንደሚጠራ ያውቃል። «ኤኮ አልፋ» ብሎ ከጀመረም ኤኮ አልፋን ሳይጨርስ ሌላ፥ ድምፁ የበረታ ጯኺ መቀበል የለበትም። አንድ ጊዜ ጯኺውን የተቀበለ እንደ ሆነ ሰዎቹ ሁሉ «ለካ መጮኽ ይጠቅማል» ብለው ይማራሉና፥ ከዚያ በኋላ ሥርዓት አይመለስም።

ይህ ነገር በመስኮት ወዲያ ለተቀመጠ ጸሓፊ ሁሉ ትምህርት አይሆንምን? በሰልፉ ውስጥ ረብሻ ሲነሣ ጥፋቱ የባለ ጉዳዩ ብቻ አይደለም። ተራውን የጠበቀውን ትቶ የተጋፋውን ያስተናገደ ሠራተኛም ረብሻውን አስተምሯል።

በአየር ላይ ሁለት ዓይነት አስቸጋሪዎች አሉ። አንደኞቹ በክፋት ወይም በቅናት ተነሣሥተው በደሴቲቱ ድምፅ ላይ ሆን ብለው ፉጨትና ጩኸት የሚለቁ ናቸው። ሁለተኞቹ ግን ደግ መስለው የሚያጠፉ ናቸው፤ እነርሱም ራሳቸውን ፖሊስ የሾሙ ናቸው። አንዱ ተሳስቶ በደሴቲቱ ሞገድ ላይ ሲጠራ «ወደ ላይ ሂድ! አንተ ደንቆሮ!» እያሉ አሥር ሆነው በዚያው ሞገድ ላይ ይጮኻሉ። የተሳሳተው ሰው ጥፋት ሁለት ሴኮንድ ነበረ፤ የእነርሱ ቁጣ ግን ሙሉ ደቂቃ ይወስዳል። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አይመልሱላቸው። ረባሽ የሚኖረው መልስ እስካገኘ ድረስ ነው።

ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ኤፍቲ8» የሚባል፥ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋራ በ15 ሴኮንድ ተራ የሚላላክበት ዘዴ ወጥቷል። ብዙዎች በዚህ ምክንያት ጨዋነት አያስፈልግም ብለው ነበር። ነገር ግን በኮምፒውተሩም ላይ ያለ ተራው የሚልክ፥ ሳይሰማ የሚጠራ አልጠፋም። መሣሪያ ቢለወጥ የሰው ጠባይ ካልተለወጠ ሰልፉ ያው ሰልፍ ነው።

ስንመለስ

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት ዛሬ ስምዎ አልተጠራም ይሆናል። ፀሐይ ጠለቀች፤ መንገዱ ተዘጋ፤ የደሴቲቱ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ በሹክሹክታ ውስጥ ጠፋ። ማዳመጫውን አውልቀው ሲነሡ ባዶ እጅዎን የተመለሱ ይመስልዎታል።

ሆኖም ይህን ያስታውሱ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሲቆሙ ማንም አላየዎትም። በሰው ጥሪ ላይ ቢጮኹ ኖሮ ማን እንደ ጮኸ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዝም ማለትዎንም የሚያመሰግን የለም። ነገር ግን ዝም ባሉባት በዚያች ቅጽበት የስፔኑ ሰው፥ ምናልባትም ሃያ ዓመት ሲጠብቅ የኖረው፥ ስሙ ሲጠራ ሰማ። በድንኳኑ ውስጥ ያለውም ሰው አንድ መስመር ጽፎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ያቺን መስመር ከጻፉት ሰዎች አንዱ እርስዎ ነዎት።

ነገ ፀሐይ ስትወጣ መንገዱ እንደገና ይከፈታል። ወንበሩም እዚያው ነው። ሲቀመጡ ግን አስቀድመው ያዳምጡ።